ማንም ያላነበበው ቴሌግራም

የሳይንስ ታሪክ ሙዚየሙ ለሕዝብ በተከፈተበት ቅዳሜ ፈትለወርቅ አጎቷን ጋሼ መንገሻን ይዛ ሄደች። አባቷ መምህር ወልዴ ከጋሼ ቤት ተወስደው ደብዛቸው ከጠፋ ወዲህ እንደ ልጃቸው ያሳደጓት ጋሼ ናቸው። በወጣትነታቸው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ስለነበሩ ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር። እሳቸው ግን ገና ከበሩ ጀምሮ "እንመለስ" ይሏት ነበር።

አስጎብኚዋ ነጥብና ሰረዝ የሰፈረበት አሮጌ የቴሌግራም ወረቀት ጥቅል ዘርግታ የፊደል መፍቻውን ለፈትለወርቅ ሰጠቻት።

"ይሄን ሙዚየማችን ከገባ ወዲህ ያነበበው የለም። እስቲ እርስዎ ይሞክሩት።"

ጋሼ ወረቀቱን አንዴ አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

"ምን ይላል ጋሼ?"

"ዓይኔ ደክሟል ልጄ። ተይው፣ እንሂድ።"

እሷ ግን እየሳቀች፣ በጣቷ እየተከተለች ፊደል በፊደል መጻፍ ጀመረች።

"የምትፈልጉት መምህር ወልዴ..." ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። "...እኔ ቤት ተደብቋል። ዛሬውኑ ድረሱ።"



"የላኪው ስም ይቀራል" አለች አስጎብኚዋ፣ ምንም ሳታውቅ።

ፈትለወርቅ የመጀመሪያውን ፊደል ጻፈች። "መ"።

ጋሼ ጀርባቸውን እንደሰጡ፣ የቀሩትን ሦስት ፊደላት አንድ በአንድ ነገሯት።