ከግራፉ ጎን የተጻፈው ተረት

«ከግራፉ ጎን ‹ተረት› ይላል» አለች ሴትዮዋ በስልክ። «የምን ተረት ነው? እናቶቹ እኮ እየሳቁብኝ ነው!»

ተርጓሚው ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ተጫነው። ግራፍ የሚሠራ ሶፍትዌር በሚያመርተው በዚህ መሥሪያ ቤት ሃያ ቋንቋ ይተረጎማል፤ የእሱን ቋንቋ የሚያውቅ ግን ከእሱ በቀር የለም። የእርዳታ መስመሩ ከተከፈተ ጀምሮ ማንም ደውሎለት አያውቅም። እናቱ ካረፈች ወዲህም በዚህ ቋንቋ ስልክ ላይ «አቤት» ብሎ አያውቅም።

«የት ነው የሚሠሩት፣ እመቤቴ?»

«ጤና ጣቢያ። ነርስ ነኝ። የሕፃናቱን ክብደት አስገባና መስመሩን ለእናቶቻቸው አሳያለሁ። ዛሬ አንዷ አነበበችውና ‹የልጄ መወፈር ተረት ነው እንዴ?› አትለኝም!»

ሳቁ አመለጠው። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። እዚህ ቢሮ የሚስቀው ሌሎቹ ስቀው ሲጨርሱ ነው፤ ቀልዱን በልቡ እስኪተረጉመው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማሽን የተረጎመው ነው፤ እኔም ሳላየው አልፎኛል። በዚህ አገር ቋንቋ ተረትም፣ ቀለማቱን የሚያስረዳው ሳጥንም አንድ ቃል ናቸው። እርስዎ ለእናቶቹ ሲያስረዱ ምን ይሉታል?»

«እኔማ ‹አረንጓዴው ደህና ነው፣ ቀዩ ያሳስባል፤ መፍቻው ይኸውላችሁ› እላለሁ።»

«መፍቻ» አለ ለራሱ። ጻፈው። ሳጥኑ ውስጥ ልክክ አለ። «እስቲ ዘግተው ይክፈቱት።»

ዘግታ ከፈተችው። «እሰይ! መጣ! እጅህ ይባረክ። ግን ኧረ አንቺ በለኝ፣ በቁሜ አስረጀኸኝ እኮ። ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?»

እዚህ ከተማ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

«የልብስ ሰፊዋ» አለ፣ ልክ እንደምታውቃት ሁሉ።

«አላውቃትም። ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አለ።

«ሰላም በልልኝ። እንዲህ ያለ ትሑት ልጅ ያሳደገች።»

«እሺ። እላታለሁ።» ቸኮለ። «ሌላ የጎደለ የለም? ወራቱ በደንብ ይነበባሉ? ቁጥሮቹስ?»

«ሁሉም ደህና ነው ወንድሜ። ሰው በሩን ሞልቶታል፣ ልሂድ። ክፉ አይንካህ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አልዘጋችውም።

«ተረኛ ማነሽ? ግቢ። ጫማውን አውልቂለት» ስትል ከሩቅ ይሰማል። ሕፃን አለቀሰ። ሚዛን ተንቋቋ። «ወይ ጉድ፣ እውነት ጨምሯል?» አለች አንዲት እናት። «አዎ እናት፣ ነይ እዪው።» ሌላዋ ከበሩ ሆና እልል አለች፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ።

ተርጓሚው ትንፋሹ እንዳይሰማቸው ማይኩን በመዳፉ ሸፈነ።

አለቃው በሩን ገፋ አድርጎ ወደ ስብሰባው ጠቆመው።

«ደንበኛ እያነጋገርኩ ነው» አለው በዚያኛው ቋንቋ፤ ከዚያም ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዓይኑን ጨፈነ።