ማስትሮ ኮርሶ የላከው ንድፍ

ሠዓሊው ማስትሮ ኮርሶ ለጌራርዶ ቤተሰብ ጸሎት ቤት የሚስለውን የእመቤታችንን ሥዕል ንድፍ፣ ቀለም ከመንካቱ በፊት ባለቤቶቹ ይዩት ብሎ ወደ ቤታቸው ላከው። በሰፊ ወረቀት ላይ በከሰል የተሠራ ነው፤ ድንግል አንገቷን ደፍታ ሕፃኑን ታቅፋለች። ፍሎረንስ ውስጥ ከኮርሶ የተሻለ የሚነድፍ የለም ይባላል።

የጌራርዶ ሚስት ድያኖራ አንዴ አየችውና ደሟ ፈላ። ያ የተደፋ የዓይን ቆብ፣ ያ አገጭ ላይ ያለው ስርጉድ የገረዷ የኔንቻ ነው። እጁንም አየችው፤ መገጣጠሚያው የገዘፈ፣ ውሃ ሲቀዳና ልብስ ሲያጥብ የኖረ እጅ ነው። ልጅቷን ከገጠር ያመጣት ደግሞ ባሏ ነው።

በእራት ላይ ፊት ለፊት ጠየቀችው። "ይቺ ሴት ማን ናት?"

ጌራርዶ ከሾርባው ቀና አላለም። "እዚያ ወረቀት ላይ ከእመቤታችን በቀር ሴት የለችም። ይልቅ ዳቦውን አቀብይኝ።"

አላቀበለችውም። ዓይኗን እያየ እንኳ ለመዋሸት አለመድፈሩ አንገሸገሻት።

ኔንቻ ለፋሲካ ልትዳር ነበር። እንደ አገሩ ልማድ፣ ለዓመታት ያገለገለችበትን የሰርግ ጓዝ የሚሰጧት ጌቶቿ ናቸው። ድያኖራ ጠዋት የጓዙን ሳጥን ቆልፋ ልጅቷን በለበሰችው ልብስ አስወጣቻት። ኔንቻ የሠዓሊውን ደጅ ረግጬ አላውቅም ብላ በእናቷ መቃብር ብትምልም ሰሚ አላገኘችም። ድያኖራ ይህም አልበቃ ብሏት በመስኮት ብቅ አለችና ለምን እንዳባረረቻት ለሰፈሩ ሁሉ አሰማች። የሙሽራው እናት ልጄ ጋለሞታ አያገባም ብላ ለመላክ እስከ ምሳ እንኳ አልቆየችም። ድያኖራ ምሳዋን አጣጥማ በላች።

ከዚያ ንድፉን ጠቅልላ ኮርሶ ዘንድ ሄደች።

"ይህን የጋለሞታ ፊት ከወረቀቱ አጥፋልኝ" አለችው።

"ተሳስተዋል እመቤቴ፣ ለንድፉ የተቀመጠው ሰው..."

አላስጨረሰችውም። በጓዳው በኩል፣ ሰማያዊ ሻሽ የተከናነበች፣ ትራስ እንደ ሕፃን ያቀፈች፣ ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠች ታየቻት። ተባርራ በቀጥታ የመጣችው ለካ እዚህ ነው። ድያኖራ በሁለት እርምጃ ደረሰችባትና ሻሹን መንጭቃ ገፈፈችው።

የኮርሶ ረዳት ዛኖቢ ያልተላጨ ጢሙን መገጣጠሚያው በገዘፈ እጁ እያከከ ዞር አለ።