የእድሩ አዲስ ጡሩምባ

ከፕራግ ተምሮ የተመለሰው ወጣት ለሰፈሩ እድር ድረ ገጽ ሠራ። ሰው ሲሞት በየአባሉ ስልክ ላይ በሥዕል የተሠራ ጡሩምባ ነፊ ብቅ ብሎ ጉንጩን ወጥሮ ይነፋል። ሥዕሉን ብራውዘር ላይ ያንቀሳቀሰው ማንም ሰው በነፃ በሚያገኛቸው የዌብ መሣሪያዎች ነው።

ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ መንበሩ ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም።

"በኮምፒዩተር ጡሩምባ ለቅሶ የሚመጣ ማን አለ? እሑድ ስብሰባ ላይ ውድቅ እናደርገዋለን፤ እንዳትቀየም ልጄ" አሉት።

ወጣቱም ራሱን ተጠራጠረ። "ስድስት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው?" እያለ ቅዳሜ ጠዋት ሥራውን ሊያስተካክል ተቀመጠ። የነፊው ጉንጭ ድምፁ ሳይመጣ ቀድሞ ስለሚያብጥ ላፕቶፑን ከትልቅ ስፒከር ጋር አገናኝቶ ደጋግሞ አስነፋው። በአርባኛው ሙከራ ጉንጩና ድምፁ ገጠሙ።

ደስ ብሎት በሩን ሲከፍት ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ሰፈርተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል።

"አንተ አለህ እንዴ? ታዲያ ማን ነው የሞተው?" አሉ ጋሽ መንበሩ እንባቸውን እየጠረጉ።

"ማንም አልሞተም ጋሼ። ጡሩምባውን እየሞከርኩ ነበር።"

ጋሽ መንበሩ ጢም ብሎ የሞላውን ድንኳን ቃኘት አደረጉና ወደ እድሩ ጸሐፊ ዞሩ።

"ድረ ገጹ ጸድቋል። በል ስም ጥራ፤ የቀረውን መዝግብ።"