ባለ ጅግራው ሳሙና

ሰኪና ሰኞ ሰኞ ሱቅ ለሱቅ ትዞር ነበር። የምትገዛው ነገር ኖሯት አይደለም። የባሏን የኢሳን ሳሙና አስመስሎ የሚሠራ ሰው ካለ ለማየት ነው።

ኢሳ ቦሌ ሚካኤል ውስጥ፣ ከቤቱ ጓሮ፣ ሳሙና ይቀቅላል። ሳሙና በሰልፍ በሚገኝበት በዚያ በደርግ ዘመን ባለ ጅግራው ሳሙና ስም ነበረው። ኢሳ የጅግራ ምልክቱን አስመዝግቦ፣ አስመስሎ የሚሠራ ወዮለት የሚል ማስጠንቀቂያም ጋዜጣ ላይ አስወጥቷል። ቁጥጥሩን ግን ለሚስቱ ተወላት።

«እኔን ካዩ ይደብቁታል። አንቺ እንደ ገዢ ግቢ» አላት።

የመጀመሪያውን ሐሰተኛ ሳሙና ያገኘችው ጎሮ፣ ላጲሶ ሱቅ ነው። ውኃ ሲነካው ይሟሟል፤ አረፋ የለው፣ ጠረን የለው። ላዩ ላይ ግን ጅግራዋ ጉብ ብላለች። ባለፈው ረመዳን ኢሳ ምልክቱን የሚያትምበት ማኅተም ወድቆ የተሸረፈው ጭራዋ እንኳ አልቀረም።

ሰኪና የተሸረፈውን በጣቷ ዳሰሰችው። ጅግራዋን ይህን ያህል የሚያውቃት የቤት ሰው ነው። ካቻምና ከቤት ወጥቶ እዚያው ጎሮ የራሱን ሳሙና መቀቀል የጀመረ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ሙክታር።

«ማነው ያመጣልህ?» አለችው ላጲሶን።

«እኔን በቤተሰብ ነገር አታስገቡኝ» አለና ወደ ሌላ ገዢ ዞረ።

ሳሙናውን ኢሳ ፊት ስታስቀምጠው አልተቆጣም። አገላብጦ አየውና «ተይው፤ ወንድምሽ ነው» አለ። ይሄ ይበልጥ አንገበገባት። ለሙክታር ሙያውን ያስተማረው፣ የመጀመሪያውን በርሜል የሰጠው ይኸው የዋህ ባሏ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ኢሳ «ገርጂንም እስቲ እዪው» አላት፤ ሄዳ አገኘች። ከዚያ ደግሞ ወደ ጎሮ መለሳት፤ እዚያም አገኘች። አልቻለችም፤ ቀጥታ ወደ ሙክታር ሄደች።

«እቴ፣ ለራሴ ሳሙና ሰው እየተሰለፈልኝ የኢሳን ምልክት ምን ላደርገው?» አላት።

መሰለፉስ ይሰለፍለታል። የቦሌ ሚካኤል ሴቶች ሳይቀሩ ሰው እየላኩ የሱን ያስገዛሉ። ሰኪና ግን ሆዷ ቆርጧል።

«አንተ መች ይበቃሃል» አለችውና ጥላው ወጣች።

ቀበሌ ስትቀርብ ጓድ ሊቀመንበሩ ብዙ አላስቸገሯትም። ሳሙናውን አሳየች። የት የት እንዳገኘችው፣ የማን ሥራ ነው ብላ እንዳመነች ተናገረች። አንዲት ቃል አልዋሸችም።

«የእናቱ ልጅ እየመሰከረችበት ሌላ ምስክር ምን ያደርግልናል?» አሉ።

የሙክታር በርሜሎች ተወረሱ፣ ቤቱ ታሸገ፣ እሱም በኢኮኖሚ አሻጥር ተከሶ ታሰረ። መቼ እንደሚፈታ የሚነግራት አልተገኘም።

ሰኪና አላስችል ብሏት ስንቅ ይዛ ሄደች። ዘበኛው ሳህኑን እንደሞላ መለሰላት።

«ከእህቴ እጅ አልበላም ብሏል።»

በውይይት ታክሲ ስትመለስ እንባዋን ማቆም አቃታት። ከድቷት ሲያበቃ የተከዳ ይመስል ማኩረፉ ነው ያቃጠላት። ኢሳ አጽናናት። ለሙክታር ቂም እንደሌለው፣ ሲፈታም ሥራ እንደሚሰጠው ነገራት። እሷም እንዲህ ያለ ባል ስለሰጣት አላህን አመሰገነች።

ሐሰተኛው ሳሙና ከዚያ ወዲያ አልታየም። ባለ ጅግራው ጎሮንም ገርጂንም አዳረሰ። ኢሳ «ከእንግዲህ ምን ያደክምሻል?» ቢላትም ሰኪና ቤት መቀመጡ አልሆነላትም። ቤት ስትውል ያ ያልተነካ ሳህን ፊቷ ላይ ይደቀናል።

አንድ ሰኞ ጎሮ ስታልፍ ላጲሶ ከሱቁ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ጠራት።

«ሰኪና፣ እስቲ ኢሳን ጠይቂልኝ፤ ያን ቶሎ የሚሟሟውን ርካሽ ሳሙና ማምጣቱን ለምን ተወ?»