ሁለት ቀይ የደረት ጨርቆች

ቶሚኮ በአንድ የጃፓን ቤተ መቅደስ ግቢ፣ ከትናንሽ የድንጋይ ሐውልቶች ፊት፣ ልጇን ናጊሳን በክንዷ ደግፋ ቆመች። ናጊሳ መንታዎቿ ስምንት ወር ሊሞላቸው ሲል ሆዷ ውስጥ ከሞቱባት ወዲህ እንባ አልወጣትም። ቶሚኮ ልጇ ዛሬ እዚሁ እንደ ግድግዳ ትናዳለች ብላ ስለፈራች ውሃ፣ ስኳርና ትርፍ ካልሲ ሳይቀር በቦርሳ ይዛ ነበር።

«እማዬ፣ ተራራ ልንወጣ ነው እንዴ?» አለቻት ናጊሳ ቦርሳውን አይታ።

«አንቺ ዝም በይ። ሰው የሚወድቀው ባልተዘጋጀበት ቀን ነው።»

ለመንታዎቹ የቆሙት ሁለት ጂዞዎች፣ ሳይወለዱ የሞቱ ሕፃናት ጠባቂ ሐውልቶች፣ ከክንድ አይበልጡም፤ ፊታቸውም ክብና እንቅልፋም ነበር። እንደ ደንቡ ቤተሰቡ የሰፋውን ቀይ የሕፃን የደረት ጨርቅ አለበሷቸው። ቶሚኮ ነፋስ እንዳይወስደው ብላ የሁለቱንም ማሰሪያ ጨከን ብላ ስባ፣ ደርባ ቋጠረችው።

ያኔ ናጊሳ ድንገት ተንበረከከች። ቶሚኮ፣ ይኸው የፈራሁት ደረሰ ብላ፣ እጇን ወደ ቦርሳው ሰደደች። ልጇ ግን የመጀመሪያውን ቋጠሮ በጥፍሯ ፈታች፤ ሁለት ጣቶቿን በጨርቁና በድንጋዩ አንገት መካከል አስገብታ ለካች፤ ከዚያም አላልታ መልሳ አሰረችው።

«አጥብቀሽዋል እማዬ። ያንቀዋል።»

ይህን ማንም አላስተማራትም ነበር። ቶሚኮ ቦርሳውን መሬት አስቀምጣ አጠገቧ ተንበረከከች።

«ያንን ሁለተኛውን እኔ ላላላው?»

«ተይው፣ እኔ እናታቸው አለሁ» አለች ናጊሳ። «አንቺ እዪ።»

ቶሚኮም ዓይኗን ከልጇ ጣቶች ሳትነቅል፣ እንደ ጀማሪ እናት አየች።