የከበደው ክፍል

ቤቱ ካለቀ ቆይቷል። ችግሩ ያለቀው ቤት የተቀመጠው ፋብሪካ ግቢ ውስጥ መሆኑ ነው።

ተገጣጣሚ ቤት ይሉታል። እያንዳንዱ ክፍል በሩና መስኮቱ፣ ቧንቧው ሳይቀር ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ ያልቃል። ከዚያ በረጅም መኪና ተጭኖ ይመጣና ክሬን አንስቶ ከሌላው ጋር ይገጥመዋል። ሕንጻው በሳምንት ይቆማል ተብሎ በቴሌቪዥን ተነግሯል። መቆሙንስ ይቆማል፤ የሚያስቆመው ፊርማ ግን ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ዓመት ያልፈዋል።

ይህን ከፎርማኑ በላይ የሚያውቅ የለም። ክፍሎቹን የሚያስገጥመው እሱ ነው፤ ዕጣ ከወጣላቸው መካከል ደግሞ አንዷ እናቱ ናቸው። የደረሳቸው መሬት ላይ የሚያርፍ የጥግ ክፍል ነው፤ ለጉልበታቸው ተብሎ። እስኪገቡ ድረስ ግን የልጃቸው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከምራታቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ተፋፍገው ይኖሩ ነበር። ልጆቹ ጠዋት ትምህርት ቤት የሚሄዱት የአያታቸውን አልጋ ተራምደው ነው።

አንድ ቀን ፋብሪካው ድረስ ወስዶ ክፍላቸውን አሳያቸው። እናት ቧንቧውን ከፍተው ዘጉ፤ ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ።

«ጣሪያ አለው፣ በር አለው። ታዲያ ምን ቀረው?»

«ፊርማ ነው የቀረው፣ እማዬ።»

«ላም አለኝ በሰማይ!» አሉና ፊታቸውን አዙረው ከግቢው ዘበኛ ጋር ወሬ ጀመሩ።

ብዙም ሳይቆይ እናትና ምራት በድስት ክዳን ተጣሉ። ክዳኑ ሰበብ ነው፤ የጠፋው መላወሻ ነው። እናት አልጋቸውንና ሣጥናቸውን በጋሪ አስጭነው እህቴ ጋ ሄጃለሁ አሉ። ፎርማኑ አንጀቱ አረረ። አክስቱ ያለችው ከከተማው ወዲያ ጫፍ ስለሆነ ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ እያለ ሳይሄድ ቀረ። ሲደውል ከእናቱ ድምፅ ኋላ ብረት ሲቆረጥ ይሰማል።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?»

«ጎረቤታችን በያጅ ነው። ለምደነዋል። ይልቅ ፊርማውን ጠይቅ!»

በዚያው ሰሞን ከፋብሪካው ደስ የማይል ወሬ መጣ። ቀጂ ሳይኖር ውሃ ይፈሳል፤ የመብራቱ ቆጣሪ ያለ ሥራ ይሮጣል። ዘበኛው ካለቁት ክፍሎች አጠገብ ሰው አያስደርስም። እሱ ራሱ ደግሞ ልብሱ እስኪጠበው ወፍሯል፤ በዘበኛ ደመወዝ!

«ሴራሚክ እየጠፋብኝ ነው» አለ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ። «የሚደብቁት እነዚያ ክፍሎች ውስጥ ነው። የት ይሄዳል ብለህ ነው?»

ፎርማኑ አመነ። ሰው ቤት አጥቶ በላይ በላዩ ሲተኛ የሰው ቤት መጋዘን ያደርጋሉ ብሎ ደሙ ፈላ።

ፊርማው እንደ ምንም ወጣ። የእናቱ ክፍል ተጭኗል በተባለበት ጠዋት ፎርማኑ ሕንጻው የሚቆምበት ግቢ ውስጥ ሆኖ ስልኩን አነሳ።

«እማዬ፣ እልል በይ! ዛሬ ክፍልሽ ይቀመጣል!»

«ሰምቻለሁ፤ እየመጣሁ ነው። መኪናው ያንገጫግጨኛል፣ በኋላ እናወራለን» ብለው ዘጉት።

እናት ወሬ መቼ ያመልጣታል ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን መኪናው ብቅ እስኪል ብቻ ነበር። ሾፌሩ እንቁላል የጫነ ይመስል እየዳኸ ነው የመጣው። ከጎኑ ዘበኛው ተቀምጧል። የፋብሪካ ዘበኛ እዚህ ምን ሊሠራ መጣ? የክፍሉ መስኮት ላይ ደግሞ መጋረጃ ተሰቅሏል። ፋብሪካው መጋረጃ አይሰጥም። ውስጡ እንዳይታይ ነዋ!

ክሬኑ ክፍሉን ብድግ እንዳደረገው ኦፕሬተሩ ከላይ ጮኸ።

«ይሄ ባዶ አይደለም! ከሌሎቹ ይከብዳል!»

የዘበኛው ፊት አመድ መሰለ። «በቀስታ!» አለ ወደ ላይ አንጋጦ። «በእናትህ፣ በቀስታ!»

ፎርማኑ ክንዱን ጨምድዶ ያዘው። «ምንድን ነው ውስጡ ያለው?»

«የሚሰበር ነገር ነው፣ አለቃ።»

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል! በእናቴ ቤት?»

«መጀመሪያ ይቀመጥ። ከተቀመጠ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

ፎርማኑ ጨነቀው። ስርቆቱ ከተጋለጠ ፖሊስ ይመጣል፤ ክፍሉ ማስረጃ ነው ተብሎ ይታሸጋል። ከዚያ እናቱ መቼ እንደሚገቡ የሚያውቀው አንድዬ ብቻ ነው። ዝም ካለ ደግሞ የሌባ ተባባሪ ሊሆን ነው። ወደ ግቢው መግቢያ አየ። እናቱ አልደረሱም። እንኳንም አልደረሰች፣ ይህን ጉድ ከምታይ ብትቀር ይሻላል አለ በልቡ።

ክፍሉ ቦታው ላይ ዐረፈ፤ ቡሎኖቹ ጠበቁ። ሠራተኛው ሥራውን ጥሎ በሩን ከበበ። ፎርማኑ ወሰነ፤ የመጣው ይምጣ። ቁልፉን ከትቶ ቢያዞረው እምቢ አለ።

ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«ስንት ናችሁ እዚያ ውስጥ?» ብሎ በሩን በቡጢ ደበደበው። «ውጡ! ሌቦች!»

ነጠላ ጫማ ሲጎተት ተሰማ። መቀርቀሪያው ተሳበ።

«ምን በር ትሰብራለህ?» አሉ እናቱ። «ጫማህን ጠርገህ ግባ፤ ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት።»