ሊማዛ

ልጅቷ ከጭንቅላቷ ያወጣችው ቃል የሰው ስም ሆነ! እውነት፣ የአራስ ልጅ ስም!

ቃሉ የሷና የጓደኛዋ የፌቨን ምስጢር ነበር። «ዛሬም ሊማዛ ሹሩባ ልሥራሽ አለችኝ» ትላታለች በስልክ። «ቆይ ዝም በይ፣ ሊማዛ መጣች!» ትልና ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። አንድ ቀን የእንጀራ እናቷ ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ ሰማቻት።

«ሊማዛ ደግሞ ምንድን ነው የኔ ቆንጆ?»

ክው አለች። «ግዕዝ ነው! ቤት የምታሞቅ ማለት ነው።»

«ውይ ሲያምር!» አለች ትርንጎ፣ የገፋ ሆዷን እየዳበሰች። ያኔ «ተይው፣ ቀልዴን ነው» ማለት ነበረባት። አላለችም።

ዛሬ ክርስትና ነው፤ ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ትርንጎ ሕፃኗን እንዳቀፈች፣ በሌላ እጇ ትልቋን ልጅ ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት።

«ስሙን ያወጣችው እህቷ ናት! ትርጉሙን ንገሪያቸው እስቲ፣ የኔ ልጅ።»

ፌቨንን ለስላሳው ትን አላት።

ልጅቷን ጠዋት ትርንጎ የሠራችላት ሹሩባ ራሷን ቆነጠጣት። በሷና በፌቨን ቋንቋ ሊማዛ ማለት «የእማዬን ቦታ የቀማች» ነበር።

እንግዳው ሁሉ አፍ አፏን እያየ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?